አንገቱ የሳሳው ሰደፍ

ጅዳ፣ ሂንዳዊያ
ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለቢልቂስ፣ ደጋን

አሰላሙ ዓለይኪ ወረሕመቱላህ፣ የኢክራም እናት።

በዚህ አገር አደን የሚወጣ ሰው ሁሉ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ ከማሳረፉ በፊት የኔን ትከሻ ያስፈቅዳል። ከጅዳ እስከ ጣኢፍ፣ ከጣኢፍ እስከ ነጅድ በረሃ፣ «አሊጋዝ ምን አለ?» ሳይባል አንዲት ጥይት አትተኮስም። እሺ፣ ሁሉም አይደለም። ሁለት ሰው ነው። አንዱ ከፊሌ፣ አሠሪዬ ቱርኪ ነው፣ ሌላው አጎቱ። ጠመንጃ ያልኩትም ብረት የለውም፤ እንጨቱ ብቻ ነው። ግን መጀመሪያው መስመር ላይ ትንሽ ካልተነፋሁ ደብዳቤው ከኔ መምጣቱን በምን ታውቂያለሽ?

ይህን ደብዳቤ ራሴ ነኝ የጻፍኩት፤ የማንም እጅ አልገባበትም። ስንቅነሽ የምትባል የጎጃም ሴት አለች፤ ቀን በሰዓት እየተከፈላት ሰው ቤት ስታጸዳ ትውልና ማታ እኛን አሥራ አንድ ጎረምሳ ፊደል ታስቆጥረናለች። ጎረምሳ ስልሽ ከሁላችንም ታናሹ አርባ ሁለት ዓመቱ ነው። ከክፍሉ አንደኛ እኔ ነኝ። ማለቴ፣ አንደኛ የምደርሰው እኔ ነኝ። አንቺ ስድስተኛ ክፍል ጨርሰሽ እኔ ቀበሌ በአውራ ጣቴ ስፈርም ትስቂብኝ ነበር። እነሆ፣ አሁን በእጄ ጽሑፍ ሳቂ።

ለምን በድምፅ አልላክኸውም ትዪ ይሆናል። በድምፅ ስናገር ቀልዴ ይቀድመኛል። ስንቅነሽም አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦ «ጋሼ፣ እርስዎ ሲናገሩ አንዲት እውነት ለማግኘት ሰባት ቀልድ መቁጠር አለብኝ። ሲጽፉ ግን እጅዎ ስለሚደክም አያበዙም።» እውነቷን ነው። እጄም ደክሟል፣ እኔም ደክሜያለሁ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ።

ቱርኪ የእንጨት ሥራ ቤት እንዳለው ታውቂያለሽ። በርና አልጋ ነበር የምንሠራው። ሰውየው አደን ይወዳል፤ ባለፈው ዓመት አንድ ሐሳብ ገባው። አዳኞች ጠመንጃቸው ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን ሰደፍ አውልቀው የሚገጥሙት አዲስ ሰደፍ ልሥራ አለ። ጆዝ ከሚሉት ጥቁር ቡናማ እንጨት ነው። ጉንጭ የሚያርፍበት ቦታ ከፍና ዝቅ ይላል። ትከሻ ላይ የሚያርፈው ጫፍ ረጅም ክንድ ላለው ይሳባል፣ ለአጭሩ ይገባል። እንዳይከብድ ውስጡ ተቦርቡሯል፤ እጅ የሚጨብጠው አንገቱ ላይ ደግሞ አውራ ጣት የምታልፍበት ቀዳዳ አለው። ወላሂ ሲታይ ያምራል። የጠረብኩትም እኔ ነኝ።

ማን ይፈትነው ሲባል ቱርኪ እኔን ጠራ። አገሬ ሳለሁ ሚሊሻ እንደነበርኩ ሰምቷል። ማን እንደነገረው አልናገርም፤ ብቻ እኔ ነኝ። ችግሩ የውጭ ሰው እዚህ መሣሪያ አይነካም፤ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ ላይ የተጻፈው አናጢ ነው። ስለዚህ በጠመንጃው ፋንታ ክብደቱን የሚያህል የብረት ዘንግ ገጠምንበት። ታላቁ ተኳሽ አሊጋዝ ከበሩ ማዶ ባለው የውኃ ጋን ላይ ሲያነጣጥር ዋለ። ጋኑ እስካሁን አልቆሰለም።

ፈተናው ቀልድ አልነበረም። ሦስት ቀን ጣራ ላይ ፀሐይ አስመታነው፤ እንዳይጣመም። አንድ ሌሊት በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን አሳደርነው፤ እንዳያብጥ። ከወገብ ከፍታ ሲሚንቶ ላይ ጣልነው። ከዚያ ማንሳቱ መጣ። በቀን ሁለት መቶ ጊዜ ወደ ትከሻ፣ መቶውን በቀጭን ጀለቢያ፣ መቶውን በብርድ ጊዜ ካፖርት። ቱርኪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይቆጥራል፤ ጉንጬ የት እንዳረፈ፣ ጫፉ ልብሴን ያዝ እንዳደረገ ይጽፋል። «ድገም» ይላል። እደግማለሁ። ይህ ሦስት ሳምንት ሆነ። ማታ ማታ ሸሚዜን የማወልቀው በግራ እጄ ነው። ሃምሳ ዓመት ልሞላ ምን ቀረኝ፣ ቢልቂስ? አንቺ የምታውቂው ትከሻ አሁን ከሬዲዮ ቀድሞ የአየሩን ጠባይ ይናገራል።

ያን ሁሉ የቻልኩት ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ቱርኪ በመጀመሪያው ቀን እንዲህ ብሎኝ ነበር፦ «ይህ ሰደፍ ፈተናውን ካለፈና ለዐሚ ፉኣድ ካስረከብን፣ አገርህ የምትገባበትን የእረፍት ፈቃድ፣ ኢጃዛህን እፈርማለሁ። ለልጅህ ኒካሕ ትደርሳለህ።» ዐሚ ፉኣድ አጎቱ ናቸው፤ መካ፣ መንሱር ሰፈር ይኖራሉ። ስማቸው በአዳኞች ዘንድ የታወቀ ነው። እሳቸው ከያዙት ሌላው ሁሉ ይገዛል፤ እሳቸው ከናቁት ቱርኪ ወደ አልጋ ሥራው ይመለሳል።

እኔም ለአንቺ እመጣለሁ ብዬ የላክሁት ለዚህ ነው። አንቺ ደግሞ የመለስሽልኝን አውቃለሁ። «ስድስት ዓመት መጣሁ ስትል ሰማሁህ። መምጣት የማይፈልግ ሰው ምክንያት አያጣም።» ይህን ድምፅሽን ብዙ ጊዜ ሰማሁት። ሥራ ቤት ሰማሁት፣ አውቶቡስ ላይ ሰማሁት። አልቀለድኩበትም። የሚቀለድበት ቦታ ፈልጌ አጣሁ።

ሐሙስ ዕለት ወደ መካ ሄድን። ቱርኪ ይነዳል፤ እኔ ሰደፉን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን ጭኔ ላይ አስተኝቼዋለሁ። እግረ መንገዴን ልንገርሽ፣ መካ ላይ አደን የለም፤ ሐረም ነው፣ እርግብ እንኳ እሽ አይባልም። ሽማግሌው የሚያድኑት ፈቃዳቸውን ይዘው ሩቅ በረሃ ወጥተው ነው። ቤታቸው ጨርቅ ከሚሸጥባቸው ሱቆች በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰሩ ተበላሽቶ በደረጃ ወጣን። የተሸከምኩት እኔ፣ ያለከለከው ቱርኪ።

ዐሚ ፉኣድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰደፉን ተቀብለው ጉንጫቸውን አስጠጉት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። አውራ ጣታቸውን በቀዳዳው አሳልፈው አንገቱን ቀስ ብለው ዳበሱት።

«ማን ጠረበው?» አሉ።

«ይሄ ሐበሻ ነው» አለ ቱርኪ።

«እጅህ ለስላሳ ነው፣ ልጄ። ማሻአላህ፣ እንደ ላባ ይቀላል።»

ቱርኪ በዓይኑ ጠቀሰኝ። ኢጃዛዬ ተፈረመ ማለት ነው። እኔ በልቤ ደጋን ደርሼ የቤቴን በር ሰንሰለት ይዣለሁ።

ከዚያ የዐስር ሶላት አዛን ተሰማ። ሽማግሌው ለውዱእ ሊነሱ ፈለጉ። ግድግዳው ላይ የተደገፈውን አሮጌ ጠመንጃቸውን ሳቡ፤ ጥይት የለውም። የእሱን ሰደፍ ምንጣፉ ላይ ተከሉ፣ አፈሙዙን በሁለት እጃቸው ጨበጡ፣ ሙሉ ክብደታቸውን ጣሉበትና ተነሱ።

ይህን አይተሽዋል፣ ቢልቂስ። የኛም አገር ሰው እንዲሁ ነው። ሸንጎ ላይ ሲቆም ሰደፉን መሬት ይተክላል፣ እጁን በአፈሙዙ ላይ ያነባብራል፣ አገጩን ያሳርፍበታል፤ ነገሩ እስኪያልቅ ጠመንጃው ይሸከመዋል። ቱርኪ ይህን አያውቅም። ከመኪና ወርዶ ተኩሶ መኪና ውስጥ የሚገባ ትውልድ ነው። ፀሐዩን አስቦ ነበር፣ እርጥበቱን አስቦ ነበር፤ የደከመ ሰው ግን አልታሰበውም።

እኔ «ዐሚ፣ ቆይ አንድ ነገር ላሳይዎ» አልኩና አዲሱን ሰደፍ ከነዘንጉ ተቀበልኳቸው። መሬት ተከልኩት፤ እንደ አገሬ ሰው ተደገፍኩበት። ቀጭ አለ። ከአውራ ጣት ቀዳዳው እስከ ታች የፀጉር ያህል ስንጥቅ ወጣ።

ቱርኪ ከመቀመጫው ተነሳ። «ምን አደረግህ?»

«ሰው የሚያደርገውን።»

«ጠመንጃ ምርኩዝ ነው እንዴ?»

«ለኔ ነው» አሉ ሽማግሌው። ስንጥቁን በጥፍራቸው እየተከተሉ ነበር። «ጉልበቴ ካለቀ አሥር ዓመቱ ነው። አንተ ይህን ለወጣት ጉልበት ሠራኸው።»

እኔም ዝም አላልኩም። «አንገቱ ሳስቷል» አልኩ። «ቀዳዳውና ቡርቡሩ አንድ ቦታ ተገናኝተዋል። ዐሚ በረሃ ላይ ብቻቸውን ሆነው፣ ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ ተደግፈው ሲነሱ ይህ ቢሰበር፣ አፈሙዙ የሚዞረው ወደ ደረታቸው ነው። ይህ ሰደፍ አያልፍም።» እንዲህ ነኝ እኔ፤ የእንጨት ጉድለት በሆዴ አላሳድርም።

ሽማግሌው ሊሰግዱ ገቡ። ቱርኪ ፊቱን አዞረብኝ። እሱ አጎቱ ዘንድ ሲቆይ እኔ ወደ ሐረም መስጊድ ወረድኩ። ለኢክራም ዱዓ ላደርግ ነበር የሄድኩት፤ አደረግሁም። ከዚያ እብነ በረዱ ላይ ተቀምጬ እንቅልፍ ጣለኝ። ያን ያህል ሰው ሲዞር እኔ በቁጭታዬ ተኛሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ፤ በዚያ ቦታ የለመንኩት የመጨረሻ ነገር ትራስ ይመስለኛል።

ስንመለስ ጅዳ መግቢያ ላይ ቱርኪ መኪናውን ቀስ አደረገ። ከዚያ እንዲህ አለ፦

«ኢጃዛህን ካለቀ ሥራ ጋር ነው ያልኩህ።»

«አውቃለሁ።»

«ሥራው አለቀ?»

«አላለቀም።»

«ኸላስ።»

ክፉ ሰው አይደለም። ዓመት ሙሉ ያለመው ነገር በአንዲት ቀጭታ ነው የፈረሰበት። አንገቱ ወፍሮ፣ ቡርቡሩ ተደፍኖ እንደገና ይሠራል፤ እንደገና ፀሐይ፣ እንደገና ጆንያ፣ እንደገና ሁለት መቶ። ከረመዳን በፊት አያልቅም። ኒካሑ ደግሞ ከረመዳን በፊት ባለው ወር፣ በሸዕባን አጋማሽ ነው። ስለዚህ አልደርስም፣ ቢልቂስ። ይኸው ጻፍኩት። ይህችን አንዲት ቃል ለመጻፍ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ጊዜ ወሰደብኝ።

ወንድሜን አብዱልረሕማንን ወኪል አድርጌዋለሁ፤ እሱ ይዳራት። የውክልናውን ቃል በሌላ ወረቀት ላይ ጽፌ ፈርሜያለሁ። ሸይኹ ጮክ ብለው ያንብቡት፤ የሙሽራው ቤተ ሰብ የኢክራም አባት በስሙ የሚፈርም ሰው መሆኑን ይስማ። ለኢክራም ከሰደፉ ትርፍራፊ የኩል ዕቃ ጠርቤላታለሁ። ይህኛው አይሰበርም፤ የሚደገፍበት የለምና። ለኢክራም የገዛሁትን ልብስ፣ የኩል ዕቃውንና ደብዳቤውን የምታደርስልሽ ሰሚራ ናት፣ እዚህ ጅዳ ጃሚዓ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራው፤ ጨርሳ መግባቷ ነው። ምሳ አብያት፤ ስለኔ ብትጠይቂያት ወፍሯል ትልሻለች፣ እንዲያ በይ ብያታለሁ።

አብሽሪ። ጣራሽን ከነፋስ፣ ጓዳሽን ከጉድለት፣ የልጃችንን ጎጆ ከክፉ ዓይን አላህ ይጠብቅ። ስቀሽ ለማደር የሚበቃ ነገር በየቀኑ አያሳጣሽ፤ ቀልደኛው እስኪመጣ።

ባለቤትሽ፣
አሊጋዝ ይማም

ቢልቂስ፣ ፈርሜ ጨርሼ ነበር። ሰሚራ የምትበረው ነገ ነው አሉኝና ወረቀቱን እንደገና ከፈትኩት። አንድ ነገር ፈጥሬያለሁ። ሌላው ሁሉ እንደጻፍኩት ነው። ሰደፉ ግን መካ አልተሰነጠቀም። የተሰነጠቀው ሰኞ ነው፣ እዚሁ ሥራ ቤት፣ መቶ ሰባኛውን አንስቼ ክንዴ ሲዝል፣ ቱርኪ ስልክ ሊያናግር ወጥቶ ሳለ። ለማሳየት አልነበረም። ደክሞኝ ተደገፍኩት። ቀጭ ሲል ከኔ በቀር የሰማ የለም። ስንጥቁን በሰም ሞላሁት፣ በዘይት አሸሁት፣ ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ሐሙስ ጭኔ ላይ አስተኝቼ የወሰድኩት እያወቅሁ ነው፤ ሽማግሌው አንገቱን ዳብሰው እጅህ ለስላሳ ነው ሲሉኝም አመሰገንኩ። መካ ላይ ያደረግሁት ሰሙን በጥፍሬ ፍቄ ማሳየት ብቻ ነው። ያንንም ያደረግሁት ተደግፈው ሲነሱ ስላየሁ ነው። ዓይኔን መለስ አድርጌ ቢሆን ኖሮ አስረክቤያቸው እመጣ ነበር።