ወይዘሮ እህል አልቀምስም ያለች ሰሞን

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

አባባ፣ እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? የሱቁን ደረጃ ሲወጡ ቆም ብለው ይተነፍሳሉ ወይስ አሁንም ከጎረምሳ ጋር ይፎካከራሉ? አዲሱ መነጽርስ ረዳዎት ወይስ አሁንም መርፌውን ወደ ብርሃን ቀና አድርገው ክሩን ይሳደባሉ? ያ የሚመላለስብዎ ሳልስ ለቀቀዎት? የስፌት መኪናው ፔዳልስ ዛሬም ሲጢጥ ይላል? ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ ይላል። እኔ ግን ናፍቆቱን "በቀር" ብዬ የማልፈው አልሆነልኝም። ስለዚህ ደህናም ነኝ፣ ናፍቀውኛልም፤ ሁለቱ አንድ ቤት አብረው ይኖራሉ።

በወረቀት የመጣሁብዎ ስልክ ላይ ስለማይያዙ ነው። ገና ሄሎ ከማለቴ፣ ደህና ነን፣ ገንዘብህን አትጨርስ ብለው ይዘጉታል፤ ስልኩን የሚይዙት እንደ ጋለ ካውያ ነው። ወረቀት ግን አይዘጋም። ባለፈው ሳምንት እህቴ ደውላ፣ ምግብ እንዳስጠላዎት ነገረችኝ። የሚወዱትን ሁሉ እየቀያየረች እንደምታቀርብልዎ፣ እርስዎ ግን አንዴ ሁለቴ ጎረስ አድርገው ሳህኑን እንደሚገፉት፣ ሐኪሙም መርምሮ ምንም እንዳላገኘብዎ ነግራኝ አለቀሰች። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ አንሶላ ስተኩስ እጄ እዚህ፣ ሐሳቤ እዚያ ነው።

በዚህ ጉዳይ የምለው አለኝ። ግን መጀመሪያ የድመቴን ነገር ልንገርዎ፤ ከእርስዎ ነገር ጋር እንደሚገናኝ የገባኝ ትናንት ነው። አባቱን ከድመት ጋር ያመሳስላል ብለው እንዳይቆጡኝ። ቢቆጡም የእንጨቱ ሜትር እዚህ ድረስ አይደርስብኝም።

አዎ፣ ድመት አለኝ። ክር ታጠላልፋለች ብለው ከሱቅዎ የድመት ዘር ሲያባርሩ እያየሁ ነው ያደግሁት። ይህችን ግን እኔ አላመጣኋትም፤ መጣችብኝ። ክፍሌ ከምሠራበት የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ጀርባ፣ ደረጃ ሥር ነው። መስኮቱ ግድግዳ እንጂ ሌላ አያይም፤ ግድግዳው ላይ ግን የማጠቢያው የእንፋሎት ቱቦ ተዘርግቷል። ብርዱ ሲጠና ሙቀት ፍለጋ እዚያ ቱቦ ላይ መጥታ ተቀመጠች። አየችኝ፣ አየኋት፤ አንጀቴን በላችውና ከፈትኩላት። ወለሉን የምትረግጠው ፈቅዳለት ነው የሚመስለው። በዚህ ኩራቷ ወይዘሮ አልኳት።

ሥራ ቦታ መኪኖቹ ስለሚጮኹ ሰው ከሰው አይነጋገርም። አብራኝ አንሶላ የምታጥፈው ሴትዮ፣ እኔ ሳቂታዋ የምላት፣ በእጇ ምልክት ነው የምታናግረኝ። ማታ ስገባ አማርኛዬ አፌ ውስጥ ዝጎ አገኘዋለሁ። እሱን የማወራው ለወይዘሮ ነው። ጠረጴዛ ስለሌለኝ የልብስ ቅርጫት ገልብጬ ሳህኔን እዚያ ላይ አደርጋለሁ፤ የእሷን ሳህን ከጎኔ ወለሉ ላይ። የቀኑን ወሬ እየነገርኳት ራታችንን እንበላለን። በዚህ አገር ስሜን አስተካክሎ የሚጠራ የለም፤ ድምፄን ስትሰማ ጆሮዋን ወደኔ የምታዞር እሷ ብቻ ናት።

ባለፈው ሰኞ ከሥራ ስወጣ፣ ምግቧን የምገዛበት ሱቅ በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። የአገሩን ጽሑፍ አጥርቼ አላነብም፤ ሥዕሉን ግን አወቅሁት። የወይዘሮ ምግብ ከረጢት ነው፣ ቀይ መስመር ተሰምሮበታል። ባለሱቁን ብጠይቀው፣ ፋብሪካው የተጠቀመበት እህል መርዛም ሻጋታ ይዞት ድመቶች ስለታመሙ፣ ምግቡ ከየሱቁ እንዲሰበሰብ መታዘዙን ቀስ ብሎ አስረዳኝ። የተበላሸው ሁሉም እንዳልሆነ፣ ከረጢቱ ጀርባ ያለው የምርት ቁጥር ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር ከገጠመ ግን ቶሎ እንድጥለው ነገረኝ። የታመመች ድመት በምን ትታወቃለች ብዬ ብጠይቀው፣ መጀመሪያ መብላት ታቆማለች አለኝ። ክው አልኩ።

ክው ያልኩት ከረጢት ስለሌለኝ ነው። እኛ ቤት ምን በከረጢቱ ይቀመጣል? ስኳሩ በጣሳ፣ ጨው በጣሳ፣ የእርስዎ ቁልፍና መርፌ በጣሳ። እማዬ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ዕቃ በመጣበት ከተቀመጠ ቤቱ የመንገደኛ ቤት ይመስላል ትል አልነበር? እኔም በዚያው ዓመሌ የድመቷን ምግብ ገና ከሱቅ እንደገባ በትልቅ የወተት ጣሳ እገለብጠዋለሁ። የዚህ አገር ሰው ሁሉን ነገር በከረጢቱ የሚያኖረው ከስንፍና ይመስለኝ ነበር። ለካ ቁጥሩ እዚያ ላይ ኖሯል! የእኔ ጣሳ ላይ ያለው የሚስቅ ሕፃን ብቻ ነው።

ቤት ገብቼ ክፍሉን ገለባበጥኩት። ደግነቱ ከእኛ ቤት ሌላም ዓመል ይዤ ወጥቻለሁ፤ ከረጢት አልጥልም። ከረጢቱ የሥራ ጫማዬ ሥር ተነጥፎ ተገኘ፤ ወለሉን ውሃ እንዳያርሰው ብዬ ያነጠፍኩት እኔው ነኝ። ጭቃውን ጠራርጌ ወደ ሱቁ በር ሮጥኩና ቁጥሩን አስተያየሁ። ገጠመ። ዓይኔን አሽቼ ደግሜ አየሁ። ገጠመ።

በማግስቱ ወይዘሮን በልብስ ቅርጫት ከትቼ፣ አንሶላ ከላይ አልብሼ፣ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። መንገዱን ሁሉ እሪ ስትል ሰው ልጅ የሰረቅሁ ይመስል ዞር እያለ ያየኝ ነበር። ሐኪሟ ሆዷን ዳበሰች፣ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አየች፣ ደም ወሰደች፤ ተመስገን፣ ምንም አልተገኘባትም። የቀረውን ምግብ እንድጥል፣ ጣሳውን በፈላ ውሃ እንዳጥብ፣ ሌላ ፋብሪካ የሚሠራውን እንድፈልግ መከረችኝ። እህል አልቀምስም ካለች ግን ሳልውል ሳላድር እንዳመጣት አጥብቃ አስጠነቀቀችኝ።

ደህና የተባለውን ምግብ ማግኘት ግን እንዲህ በቀላሉ የሚሆን አልነበረም። ወሬው ከተማውን አዳርሶ፣ ድመት ያለው ሁሉ ተሻምቶ ወስዶታል። ከሱቅ ሱቅ ብዞር ወፍ የለም፤ የወፍ ምግብ ግን ሞልቷል። ሊመሽ ሲል፣ ከጫማ ጠጋኝ ጎን ባለች ጠባብ ሱቅ አንዲት ከረጢት ብቻዋን ቆማ አየሁ። እጄን ስዘረጋ ሌላ እጅም አብሮ ተዘረጋ። አንዲት አሮጊት ናቸው፣ ካፖርታቸው በድመት ፀጉር የተሸፈነ። እሳቸውም አልለቅም አሉ፣ እኔም አልለቀቅሁም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ እኔ ልጅዎ ከእናቴ እኩያ ጋር ከረጢት ልጓተት!

ኋላ እሳቸው፣ ስንት ድመት አለህ ብለው ጠየቁኝ። አንድ አልኳቸው። እኔም አንድ፣ እሷም እንደኔ ያረጀች አሉ። ባለሱቁ ሲያየን ቆይቶ ሚዛኑን አወጣና ለሁለት ከፈለልን። ከረጢቱ ለእሳቸው ስለደረሰ፣ እኔ እንደገና ያለ ቁጥር እንዳልቀር ብለው እያንዳንዱን ቁጥር ጮክ ብለው አነበቡልኝ። እርስዎ ከአገር ሲሸኙኝ የሰጡኝ የልብስ ጠመኔ ከኪሴ አይለይም፤ መዳፌ ላይ ጻፍኩና፣ ቤት ስገባ የሚስቀው ሕፃን ግንባር ላይ ገለበጥኩት። ስንለያይ፣ ድመትህን ሳምልኝ አሉኝ። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ሰው ሰላምታ ሲያስይዘኝ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ መንገዱን ሁሉ ደስ ብሎኝ ገባሁ።

ወይዘሮ ግን አሸተተችው፣ አየችኝ፣ ትታው ሄደች።

እማዬ ያልቀመሰችውን ለሰው አታቀርብም ነበር። እኔም ቀመስኩት። አይሳቁ አባባ፣ አንድ እፍኝ የድመት ምግብ አኝኬ ዋጥኩ። የደረቀ ዓሣ ከመጋዝ ብናኝ ጋር የመሰለ ነገር ነው። ይኸው፣ አልሞትኩም ብዬ አፌን ከፍቼ አሳየኋት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች። በማግስቱም ላስ አድርጋ ተወችው። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። እኔ ሳህኗ አጠገብ እንደ ዘበኛ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ሥራ ቦታ ዳቦ ከመግመጥ በቀር ለራሴም ምግብ አላሰብኩም። መርዙ ዘግይቶ ያዛት አልኩ። ነገሩን ስነግራት ሳቂታዋ እንኳ አልሳቀችም።

ያን ጊዜ ፈራሁ አባባ። ድመት ሞተችብኝ ተብሎ ለማን ይነገራል? ማንስ አይዞህ ይላል? እማዬ ያረፈች ጊዜ እንኳ እዚያው ቆሜ እየተኮስኩ ነው ያለቀስኩት፤ እንባዬን ካውያው አደረቀው። ለቅሶ ላይ አልተቀመጥኩም፣ ከእናንተ ጋር ንፍሮ አልቀመስኩም። አሁን ደግሞ ይህች ብትሄድ ማታ በሩን ከፍቼ የምገባበት ምክንያት የሚጠፋብኝ መሰለኝ።

ትናንት መልሼ ወሰድኳት። ሐኪሟ ደጋግማ መረመረቻትና አሁንም ምንም አጣችባት። ቤትህ ውስጥ የተለወጠ ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ከምግቡ በቀር ምንም አልኳት። እውነቴን መስሎኝ ነበር።

ቤት ተመለስን። እሷን ከቅርጫቱ አውጥቼ፣ ቅርጫቱን ደፍቼ፣ ወለሉ ላይ ዘጭ አልኩ። ያን ጊዜ ረሃቤ መጣ። ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ነበረኝ፤ ሰልችቶኝ እሷን ማየትም ትቼ መብላት ጀመርኩ። ቆየት ብሎ ከጎኔ ቀርጨም፣ ቀርጨም የሚል ሰማሁ። ያው ምግብ፣ ያው ሳህን! እንዳላስደነግጣት ብዬ ማኘኬን ባቆም እሷም አቆመችና ቀና ብላ አየችኝ። ስጎርስ ቀጠለች። ለካስ ያን ሁሉ ቀን የተለወጠው ምግቡ ብቻ አልነበረም። አብሬያት መብላት ትቼ ዘበኛ ሆኜባት ነበር። ሳቅሁ፤ ከዚያ ሆዴ ባባና ዳቦዬ ላይ አለቀስኩ።

እማዬ ራት ቀርቦ የቀረ ልጅ ሲኖር በሩ ላይ ቆማ፣ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እያለች ትጣራ አልነበር? እርስዎስ በእሷ ዘመን ብቻዎን በልተው ያውቃሉ? ምሳዎን ሱቅ ድረስ ይዛ ትመጣለች፣ የደንበኛ በርጩማ ስባ ትቀመጣለች፣ እኔ በልቻለሁ ትልና ከሳህንዎ ዳር ዳሩን ትለቅማለች። እርስዎም ምሳዬን ጨረሰችብኝ ብለው ያማርራሉ። እህቴ ደግሞ፣ እግዜር ይስጣት፣ ሳሎን ለብቻዎ ታቀርባለች፤ ጥሩ ጥሩውን መርጣ፣ ከድና፣ አባባ ይብሉ፣ አታስቸግሯቸው ብላ ልጆቹን ወደ ማድ ቤት ሰብስባ በሩን ገርበብ ታደርገዋለች። ለክብርዎ ብላ ነው፣ እንዲያ ነው ያሳደጋችሁን። እህል ያስጠላዎት ግን ያው ክብር ይመስለኛል። ሐኪሙ እሱን የት ያገኘዋል?

እባክዎ፣ ሳህንዎን ይዘው ማድ ቤት ይግቡ። ክብርዎ ሳሎን ቁጭ ብሎ ይጠብቅዎ። ልጆቹ ከሳህንዎ ዳር ይልቀሙ፤ ቢፈልጉ ያማርሩ።

እህቴን ሳሙልኝ፤ ይህን አንብባ ጥፋተኛ ነኝ እንዳትል፣ አላጠፋችም። ሹፌሩን ባሏን መንገዱን ቀና ያድርግለት በሉልኝ። መንትዮቹን እጥፍ አድርጋችሁ ሳሙልኝ፤ ከአያታችሁ ሳህን ስረቁ ብሏል አጎታችሁ በሏቸው። ጎረቤታችንን አዋላጇን፣ እኔን የተቀበለችበት እጇ ይባረክ በሉልኝ። የስፌት መኪናውን ፔዳል ዘይት ቀቡልኝ፤ ወይም ተዉት፣ ድምፁን እወደዋለሁ። የእማዬን በርጩማ ከሱቁ እንዳታወጡት።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እህቴ ትንገረኝ፤ በሚቀጥለው እሑድ፣ በምሳ ሰዓት እደውላለሁ። ስልኩን መያዝ የለብዎትም፤ ሳህኑ አጠገብ ያስቀምጡት። ማውራትም የለብዎትም። እኔም ቅርጫቴን ደፍቼ እቀመጣለሁ፤ ወይዘሮም ከጎኔ ትሆናለች። ብቻ አይዝጉብኝ፤ ሲያኝኩ ልስማ።

ከልብሱ የተረፈ ቁራጭ ብለው የጠሩኝ የመጨረሻ ልጅዎ

ከማጠቢያው ጀርባ፣ ከደረጃው ሥር
እሑድ፣ ኅዳር 14 ቀን