ለሐኪሙ የዋሸሁት

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላህ፣ አወል ኢልመ ኮ፣ ልጄ፤ አባትህ ነኝ። ረቢ ባለህበት ያኑርህ፣ ከክፉ ሰው ይሸሽግህ። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። የጨፋው ሜዳ ማሽላ ዘንድሮ አምሯል፤ ቀይዋ ላምም ወልዳለች። ይህን የምትጽፍልኝ እህትህ ሳቢራ ናት፤ ካልኩት ውጪ እንዳትጨምር አስምያታለሁ።

ወንድምህን ይማምን ወባ ገደለው ብዬህ ነበር። ለለቅሶ ለመጣው ሁሉ ያልኩትም ይህንኑ ነው። ውሸት ነው። አስራ አምስት ዓመት ተደብቆ ሲጠጣ ኖሯል፤ እኔም አውቅ ነበር። ራሱን ሲያመው ጊዜ ከሚሴ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ «ይጠጣል ወይ?» ሲል፣ ይማም አፉን ሳይከፍት ቀድሜ «በእኔ ቤት? አፍህን ያዝ!» አልኩት። ልጄ አቀረቀረ። የግፊት ኪኒን ብቻ ይዘን ተመለስን።

በሦስተኛው ወር ወደቀ። ያኔ ሳቢራ እኔን ሳትፈራ ለሐኪሙ እውነቱን ተናገረች። መጠጡ የደም ስሩን አደንድኖ አድርቆታል አሉን፤ ፀሐይ ላይ እንደተረሳ የውሃ ፓምፕ ጎማ። ግፊቱ ሲበዛበት ጭንቅላቱ ውስጥ ፈነዳ። ሐኪሙ «ቀደም ብዬ ባውቅ ኖሮ ይተርፍ ነበር» አለኝ።

አንተም እዚያ ደቡብ አፍሪካ እንደምትጠጣ ሰምቻለሁ። ማን ነገረህ አትበለኝ። ልቆጣህም አቅም የለኝ። ሐኪም ዘንድ ሂድልኝ፤ ሲጠይቅህ ሁሉንም ንገረው። የአባቴ ስም ይጎድፋል አትበል፤ ለስሜ ብዬ አንድ ልጅ ቀብሬያለሁ። አላህ አንተን ያትርፍልኝ፤ አሚን በል።