የአባዬ ክርስትና ስም

አባዬ፣ የኔ ጌታ፣ እንዴት ሰነበትክ ልልህ አልችልም። ካረፍክ ዓመት ሊሞላህ ነው። ሮም ይበርዳል። የምጠብቃቸው ጣሊያናዊ አዛውንት ጉልበታቸው ስለከዳቸው ውሎ አዳሬ እሳቸው ቤት ሆኗል፤ የምወጣው ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው። እማዬ ያንተን ክፍል አከራየችው። አትቆጣ፣ ብቻዋን ጭር ብሎባት ነው።

ካድሬ ሳለህ ስለ አንድ የሶቪየት አብዮተኛ ታወራልኝ ነበር። ታስሮ፣ ተሰዶ፣ ኋላ ከአዲሱ መንግሥት ታላላቆች አንዱ እስኪሆን ትነግረኝና እዚያ ላይ ታቆማለህ። መጨረሻውስ ስልህ ተኚ ትለኛለህ።

መጨረሻውን ዘንድሮ ከአዛውንቱ ሰማሁት። እሳቸውም በጉብዝናቸው ኮሚኒስት ነበሩ። አሎራ፣ እንግዲህ እንደማለት፣ ብለው ጀመሩ፤ ጓዶቹ ከዱት፣ ያልሠራውን ሠርቻለሁ ብሎ ፍርድ ቤት እንዲናገር አስገደዱት፣ ከዚያ ረሸኑት። ሾርባቸውን እያጎረስኳቸው እንባዬ ቀደመኝ። አንተም ጓዶችህ ስብሰባ ላይ አቁመውህ ግለ ሂስ አድርግ ሲሉህ፣ ያላጠፋኸውን አጥፍቻለሁ ብለህ ነው ከሹመትህ ወርደህ በሕይወት የተመለስክልን። ከዚያ ወዲህ ማንም በአንተ ፈንታ እንዲናገርልህ አትወድም ነበር። በሠርጌ ቀን እንኳ አጎቴ አባትየው እንዲህ ይላሉ ብሎ ምርቃት ሲጀምር፣ አላልኩም ብለህ ሰዉን አሳቅከው።

አሁን የቸገረኝ ይኸው ነው። ለሙት ዓመትህ እዚህ ባለው የእኛ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ላስደርግልህ ብሄድ ቄሱ ክርስትና ስምህን ጠየቁኝ። ልጅህ ሆኜ አላውቀውም! ካድሬ ስትሆን ትተኸው በቤታችን ተነስቶ አያውቅም። አዲስ አበባ ለአክስቴ ደወልኩ፤ እያለቀሰች ወልደ ሚካኤል ነው አለችኝ። ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። አንተ እስከ መጨረሻው አላምንም እንዳልክ ነው የሄድከው። እንደ ጓዶችህ እኔም ያላልከውን ብሏል ልልብህ ነው?

ሁለት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ደርሼ ተመለስኩ። በሦስተኛው አንጀቴ አልቻለም፣ ገብቼ ስምህን ሰጠሁ። ቄሱ ንስሐ ገብቶ ነበር ወይ አሉኝ። ገብቷል ብል ነገሩ ይቀልልኝ ነበር። አልገባም አልኳቸው። ቢሆንም እንጸልይለታለን አሉ።

አባዬ፣ በሕይወት እስካለሁ በየዓመቱ ስምህን አስጠራለሁ፣ አልረሳህም። ጸሎቱ ግን የእኔ ነው። አባቴ አምኖ ሞተ ብዬ ለማንም አልናገርም።