የቸኮለ አሜን

ልጄ፣ የእጅሽ ሥራ ይቅናሽ፣ እግርሽን እንቅፋት አይንካው። እኛ ደህና ነን፤ ጣሪያው ዛሬም ያፈሳል። አንድ የሚያሳፍር ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትስቂብኝ፤ ለእህትሽም ትንፍሽ አላልኩም።

ባለፈው እሁድ ሰባኪው ሰፈራችንን የሚያስፈርሰውን ሹም ከፊት ወንበር አስነስቶ፣ «የእጁን ሥራ ጌታ ይባርክለት!» ሲል፣ የለመደ አፌ ከሰው ሁሉ ቀድሞ «አሜን!» አለልሽ። አጠገቤ የተቀመጠችው ማን ናት? ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ። የሰውየው የእጅ ሥራ ደግሞ የእሷን ቤት ማፍረስ ነው። ዞር ብላ፣ «እትዬ፣ ከእኔ ጋር ያሉ መስሎኝ ነበር እኮ» አለችኝ። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ!

ስንወጣ ሰባኪውን ይዤ፣ «ለዚህች ሴት አንድ ቃል ተናገርላት» ብለው፣ «እማማ፣ እኛ ፖለቲካ ውስጥ አንገባም» አለኝ።

«ታዲያ ፖለቲካውን ፊት ወንበር ላይ ማን አስቀመጠው?»

ሳቀና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ። ያንገበገበኝ እሱ አይደለም፤ የሰማው ምእመን ሁሉ አቀርቅሮ ጫማውን ማየቱ ነው።

ቤቷ ማክሰኞ ፈረሰ። የስፌት መኪናዋን መኝታ ቤትሽ አስገባሁላት፤ እሷም አልጋሽ ላይ ታድራለች፣ ግን አታናግረኝም። የፊታችን እሁድ ሹሙ ለምስጋና ይመጣል አሉ። እኔ አፌን እዘጋለሁ፤ የአንዲት አሮጊት ዝምታ ማንን ያስደነግጣል ብለሽ ነው? ማንንም አያስደነግጥም።

አንቺም እዚያ አሜን ከማለትሽ በፊት የሚባለውን አዳምጪልኝ። ሰው አያሳጣሽ፣ የኔ እናት። ልብስ ሰፊዋ ዳግመኛ አጠገቤ ከተቀመጠች እጽፍልሻለሁ፤ ካልተቀመጠችም እጽፍልሻለሁ።