ከጥፊው ወዲህ
ወንድሜ፣ እንደምን ሰንብተሃል? ሚኒስትር ብትሆንም ታናሼ ነህና አስቀድመህ ይህን እወቅ፦ በመግለጫህ ላይ በጥፊ የመታኸውን ጋዜጠኛ የወለድሁት እኔ ነኝ፤ ይቅርም አላልኩህም። «በሽቦ ተጠልፎ ወደቀ» ማለትህን ሰማሁ። ሠላሳ ዓመት የተማሪ ሰበብ ሰምቻለሁ፤ ያንተን ያህል የከፋ ግን አልገጠመኝም።

እኛ ደህና ነን። የሚያፈሰውን ጣራ አስጠግኛለሁ። ልጄ ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ገና አልተመለሰም። ቤት ውስጥ ሬዲዮኑን እጅግ ስለሚያስጮኸው ጎረቤታችን፣ «እትዬ፣ ሠርግ ደገሳችሁ እንዴ?» ብላ ቀለደችብኝ። ትናንት በግራው በኩል ቆሜ ሦስት ጊዜ ጠራሁት፤ ቀና ሳይል ማንበቡን ቀጠለ። ማዕድ ስንቀርብ አሁን በቀኙ እቀመጣለሁ።

ለልጆችህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። መጥተህ ይቅርታ ስትጠይቀው በቀኙ ቁም። የምትመጣበትን ቀን ቶሎ ጻፍልኝ።

እህትህ