ከአብዱ ዕድሜ የተቀነሱት ሰባት ዓመታት

ሚያዝያ 4፣ ጠዋት

ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ የአብዱን ዕድሜ ያስቀነስኩት እኔ ነኝ። ፋብሪካው ለጫኝነት ወጣት ይፈልግ ነበር። ባሌ አብዱ ሠላሳ ስምንት። ሠላሳ አንድ ብለህ አስሞላ አልኩት። ፈራ። ልጅ በእጃችን ነው ብዬ ጨቀጨቅሁት። እሺ አለ። ተቀጠረ።

ዛሬም የጡረታ አዋጁን ይዤ ቁጭ። ፎቶ ኮፒ፣ ፊደሉ ደቃቅ። ማንበብ የለመድኩት ከልጄ ከሐያት የት/ቤት መጻሕፍት ነው። በቀን አንድ አንቀጽ።

ሚያዝያ 6፣ ከሰዓት 9፡00

አገኘሁት! የሚያዘው መጀመሪያ ሲቀጠሩ ያስመዘገቡት ዕድሜ ነው። በኋላ ማረም የለም። ሦስቴ አነበብኩት።

ለካ ስልሳ ሲሞላው ገና ሰባት ዓመት ይቀርሃል ያሉት ለዚህ ነው። በስልሳ ሦስቱ ጆንያ እንደተሸከመ ወደቀ። አልተነሳም። ሐያት እስከ ዛሬ አለቃውን ትረግማለች። የእኔን እጅ አታውቅም።

ያን ሁሉ ዓመት ከደመወዙ ሲቆርጡ አንድ ሰው እንኳ አስቀምጦ አያስረዳም? መቁረጡን ያውቁበታል!

ሚያዝያ 9

ሐያት ከታይዋን ገበያ ላብ በላብ ሆና መጣች። ቅጽ ይዛለች። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ አንድ ስፌት ቤት ይቀጥራል፤ ከሠላሳ በታች ብቻ። እሷ ሠላሳ አራት። ሃያ ስምንት ተብሎ ተሞልቷል። የልደቷ ምስክር እኔ። ፈርሚ አለችኝ።

ጡረታሽ ስድስት ዓመት ይርቃል አልኳት።

«አቦ ኡሚ! ልጅ ሆንኩልሽ፣ ምን ከፋሽ?»

ጎረቤቴ ፋጡማ ከበሩ ሆና፣ ለእኔም አስቀንሱልኝ፣ ባል ላግባበት አለች። ተሳሳቁ። እኔ ደሜ ፈላ።

«መጀመሪያ ስልሳ ልድረስ፣ ኡሚ። ልጆቼ የሚበሉት ዛሬ ነው።»

እኔም ለአብዱ ያልኩት ይህንኑ ነው።

ሚያዝያ 10፣ ጠዋት

ከሰዓት ቅጹን ልትወስድ ትመጣለች። ሠላሳ አራት ዓመት ለመርፌና ክር እርጅና ነው? ማን ነው እንዲህ ያለው? ቢገኝ ፊት ለፊት እጠይቀው ነበር።

አዋጁን ባነብላት ትስቃለች። የአባቷን ብነግራት አትስቅም። ምናልባት ደጄንም አትረግጥ።

አልፈርምም። በእውነተኛ ዕድሜዋ የሚቀጥራት እስኪገኝ ልጆቿ እኔ ጋ ይዋሉ፣ እኔ ጋ ይብሉ። ከአብዱ የተረፈችኝን ጡረታ እንካፈላለን።

በአፌ አልችለውም። ደብተሬ፣ አንቺ ንገሪያት። ዛሬ የምሰጥሽ ለሐያት ነው።