ውሃው ተሳዳቢ ስላልሆነ

ለተከበሩ የውጭ ሬዲዮ ስርጭቶች ክትትል መምሪያ ኃላፊ፣

ጤናዎ የጸና፣ ጆሮዎም ከክፉ ወሬ ሁሉ የተጠበቀ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ በወንዙ ዳር ሰፈር ልብስ ሰፊ የነበርኩት ዜጋ እጅ እነሣለሁ።

የእህቴ ልጅ በመምሪያዎ የጎረቤት አገር ሬዲዮ አዳማጭ ነበረች። በዚህ ክረምት አንድ ረፋድ ላይ፣ ያ ሬዲዮ ከላይ ያለው ግድብ ሞልቶ ሊከፈት ስለሆነ ከግድቡ በታች በወንዙ ዳር ያለ ሰው ሁሉ ወደ ከፍታ እንዲወጣ ሲያስጠነቅቅ ሰምታ፣ ተርጉማ ለአለቃዋ አቀረበች።

አንደኛ፣ አለቃዋ «ይሄ የአየር ጠባይ ነው፤ መጀመሪያ ስለ እኛ ምን እንዳሉ አምጪ» ስላሏት ምስጋናዬ ይድረሳቸው። ቅድሚያው ማን እንደሰደበን፣ ቀጥሎም ማን እንዳመሰገነን ለማወቅ መሆኑን፣ ውሃ ግን ተሳዳቢ ስላልሆነ ወረፋ መጠበቅ እንዳለበት እኔ መሃይሙ አላውቅም ነበር።

ሁለተኛ፣ ልጅቷ አላስችል ብሏት ደውላ «ጋሼ፣ በሞቴ፣ ዕቃ ምናምን ሳትል እትዬን ይዘህ ውጣ!» አለችኝ። ከባለቤቴ ጋር ስንወጣ የጎረቤቴን የዳቦ ጋጋሪውን በር ደብድቤ ብነግረው ሳቀብኝ። «እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር የራሳችን ሬዲዮ አይነግረንም? መንግሥት እያለ!» አለኝ። ክንዱን ይዤ ብጎትተው በዱቄት እጁ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሸኘኝ። ከሰዓት በኋላ ውሃው መጣ። የራሳችን ሬዲዮ በዚያን ሰዓት አንድ የውጭ ጋዜጠኛ ለሰነዘረው ዘለፋ መልስ እየሰጠ ነበር፤ መልሱ አጥንት የሚሰብር ነበር አሉ። ጋጋሪውንና ሚስቱን ከድልድዩ ሥር አገኘናቸው። እንደ እሱ በመንግሥት የሚተማመን ሰው ሰፈራችን አልነበረውም፤ አሁንማ ጭራሽ የለውም።

ሦስተኛ፣ የእህቴን ልጅ «የመሥሪያ ቤት ምስጢር አወጣሽ» ብላችሁ ከሥራ አግዳችኋታል። ሬዲዮ ለዓለም የለፈፈውን ምስጢር ማድረግ ቀላል ሙያ አይደለምና አደንቃለሁ። እሷ ግን እገዳውን ከቁብም አልቆጠረችው፤ የሚያንገበግባት «ለምን ለጋጋሪው ራሴ አልደወልኩም? እኔን ያምነኝ ነበር» የሚለው ነው። እህል ከአፏ አይገባም። ምን ብዬ እንደማጽናናት ጨንቆኛል፤ መምሪያዎ የሚያውቀው ቃል ካለ ይላክልኝ።

ረጅም ዕድሜና ከፍታ ላይ የተሠራ ቤት እየተመኘሁልዎ፣

ውሃ ቤቱን እንጂ አንደበቱን ያልወሰደበት፣
ታዛዥዎ ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ የተረፍነው ምን እንደምናወራ ማወቅ ቢሹ የማዳመጫ መሣሪያ አያስፈልግዎትም። በድንኳኖቻችን መካከል የጎረቤት አገር ሬዲዮ ጮክ ብሎ ተከፍቷል፤ ልጅቷም እያነባች ትተረጉምልናለች። ስለ እርስዎ እስካሁን ምንም አላሉም፤ እኛም አልጠየቅን።